በቺምፓንዚዎች ዘንድ የእናት ማዕረግና የልጅ ዕድል



ስለ እንስሳት ማዕረግ ሲነሣ በሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የወንዶቹ ጠብና ፉከራ ነው። የእንስቶቹ ማዕረግ ግን ጸጥ ያለ በመሆኑ ለብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ኖረ።

እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ጄን ጉዳል በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ወደ ጎምቤ ደን የገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ነበር። በዚያ ያሉት እንስት ቺምፓንዚዎች ልጆቻቸውን ይዘው ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚመገቡና እምብዛም ስለማይጣሉ፥ የበላይና የበታች ያላቸው አይመስሉም ነበር። ተመልካቾቹ ግን አንድ ምልክት አገኙ፤ ዝቅ ያለችው ከፍ ወዳለችው ስትቀርብ እያለከለከች በአጭር የጉርምርምታ ድምፅ እጅ ትነሣለች። ይህም በየቀኑ ተመዘገበ።

አን ፑዚ፥ ጄኒፈር ዊልያምስና ጄን ጉዳል የብዙ ዓመት መዝገብ መርምረው በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገር ገለጹ። ማዕረጓ ከፍ ያለ እናት ብዙ ሕፃናት ያድጉላታል፤ ሴቶች ልጆቿ ፈጥነው ለመውለድ ይደርሳሉ፤ እርሷም ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች። ለዚህ ከሰጡት ምክንያት ዋነኛው፥ የበላይዋ ምግብ የበዛበትን ሥፍራ መያዟ ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ በ1975 ፓሽን የተባለችው እንስት የጊልካን ሕፃን ነጥቃ ገድላለች።

ፍሎ የተባለችው እናት ከፍተኛ ማዕረግ ነበራት። ብዙዎቹ እንስቶች ሲያድጉ ወደ ሌላ መንጋ ሲሄዱ፥ ሴት ልጅዋ ፊፊ ግን በተወለደችበት ቀርታ ዘጠኝ ልጆች ወለደች። ሆኖም ማዕረግ ሁሉን አይችልም። ፍሎ በ1972 ስትሞት፥ የስምንት ዓመት ልጅዋ ፍሊንት ከምግብ ርቆ፥ ከሳምንታት በኋላ ተከተላት።

ከዚህ ተነሥቶ የሰውን ሥርዓት ከእንስሳ መቅዳት ስሕተት ነው። ነገር ግን መምህር አንድ ነገር ያስተውልበታል፦ የቀደመው ሁሉ በራሱ ብርታት ብቻ አልቀደመም፤ የኋላ የቀረውም ሁሉ ከስንፍና የተነሣ አልቀረም፤ እያንዳንዱ ከእናቱ ጋር የቆመበት ሥፍራ ነበረው። ለቺምፓንዚ ግልገል ያን ሥፍራ የሚያስተካክልለት የለም። ለሰው ልጅ ግን ትምህርት ቤት አለው።