የቀረውን ብርሃን መጠበቅ



ግላኮማ ሕመም ሳይሰማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ደዌ ነው። ዓይን ዘወትር ፈሳሽ ያመነጫል፤ የፈሳሹ መውጫ ሲታወክ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ እይታም አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ይሄዳል። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው፣ ይልቁንም ወላጁ ወይም ወንድም እኅቱ የታመመበት ሰው ይበልጥ ይጠቃል።

መድኃኒቱ ከዳላስና ከፎርት ዎርዝ ምእመናን ደጅ ሩቅ አይደለም። በ1945 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደርና ኮነር የተባሉ ሁለት ፋርማሲስቶች በፎርት ዎርዝ መድኃኒት ቤት ከፈቱ፤ ከሁለቱም ስም መነሻ ተወስዶ «አልኮን» ተባለ። ይህ ድርጅት ያወጣው ትራቮፕሮስት የተባለ ጠብታ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ትራቮፕሮስትና ላታኖፕሮስት ፈሳሹ በደንብ እንዲወጣ ይረዳሉ፤ ቲሞሎል ደግሞ የሚመነጨውን ይቀንሳል። ቲሞሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ሕመሙን አስቀድሞ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ጠብታ የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ የቀረውን ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ «ለውጥ አላየሁበትም» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ እይታው ባለበት መቆየቱ የመድኃኒቱ ፍሬ ነውና። መሥራቱንም የሚያውቀው ግፊቱን የሚለካው፣ ነርቩን የሚመረምረው ሐኪም ነው። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በቀስታ መጫን ይጠቅማል። ስለ ጾም የሚጨነቅ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ወላጆቹን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ልጅ በሥራ ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ያድርሳቸው፤ የራሱንም ዓይን ያስመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።