የቤንዚን ምጥንና የሳነቴ አየር



ሞተር ቤንዚንን ከአየር ጋር እንዴት መመጠን እንደተማረ ለማውራት ከባሌዋ ሪራ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቁልቁል የወረደ ሰው የሐረናን ጫካ አቋርጦ ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለው ደሎ መና ይደርሳል። ሽቅብ የወጣ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ይነዳል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው ስድስት አሥረኛ ብቻ ነው። ከአምባው ወርዶ ጎባ ሲገባ እንደገና ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይመለሳል። ከደሎ መና በማለዳ የተነሳ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ቮልስ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሦስት አገር አየር ይስባል፤ የሚመጥንለት ካርቡራተር ግን ያው አንድ ነው።

ካርቡራተርን አልንቀውም። በ1893 (የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ) ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባኽ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። ሃንጋሪያውያኑ ባንኪና ቾንካም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ይዘው ብቅ ብለዋል። ብልሃቱ ቀላልና ድንቅ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀነሰው ግፊት ቤንዚኑን ከቋቱ ይስባል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ በአንድ ጠመዝማዛ ሚኒሞውን አስተካክለህ ትሄዳለህ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ ያመጣት መኪና አዲስ አበባ የገባችው በካርቡራተር ነው።

ጉድለቱ ካርቡራተር የአየርን ፍጥነት እንጂ ክብደት አለማወቁ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚስበው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ሳነቴ ላይ ሲደርስ ምጥኑ በሩብ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን የሚስማማው 14.7 ኪሎ አየር ነው፤ ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ሆን ተብሎ ወደ 12 ወይም 13 ይወረዳል። በዚያ ላይ ሩብ ሲጨመርበት 10 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሞተሩ ዳገቱ መሐል ያስላል። ጉም በበዛበት በዚህ ጫካ ደግሞ የሚተነው ቤንዚን ጉሮሮውን ስለሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ እዚያው በረዶ ይሠራል። በቆላው በኩል ሙቀቱ በተራው ቤንዚኑን ቱቦ ውስጥ እያለ ያተነዋል፤ ሾፌሩም ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ይጠብቃል።

ይህን ችግር መጀመሪያ አጥብቀው የያዙት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው፤ ከፍታ ለእነሱ የየዕለት ጉዳይ ነበር። ሌላውም የካርቡራተር ድካም የታየው በእነሱ ዘንድ ነው፦ በ1940 እንግሊዝ ሰማይ ላይ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭ ሞተር ሲበር፣ የእንግሊዙ ስፒትፋየር በካርቡራተር ነበር። አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ሲደፋ ቤንዚኑ ከቋቱ ተገልብጦ ሞተሩ ያንቃል። ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች መሐንዲስ በ1941 ቤንዚኑን የምትገድብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አበጅታ አቃለለችው። መድኃኒት ሳይሆን ማስታገሻ ነበር፤ ግን ለጦርነቱ ደርሷል።

ኤሌክትሮኒክሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አመጣጡም አያኮራም። የአሜሪካው ቤንዲክስ ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ኢንጀክተር ሠርቶ በ1958 ሞዴል የክራይስለር መኪናዎች ላይ ገጠመው። የተሸጡት ሦስት ደርዘን ገደማ ናቸው። የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሙቀትና እርጥበት አልቻለም፤ አብዛኞቹ ተመልሰው ወደ ጋራዥ ገቡና ኢንጀክሽናቸው ወልቆ ካርቡራተር ተገጠመላቸው። ዛሬ ወጣቶቻችን ካርቡራተር ነቅለው ኢንጀክሽን ለመግጠም ሲደክሙ፣ የታሪኩ የመጀመሪያ ቅየራ በተቃራኒው እንደነበር ማወቁ አይከፋም።

የቤንዲክስን ፈቃድ የገዛው የጀርመኑ ቦሽ ሐሳቡን አድሶ በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ ለአሜሪካ ገበያ አወጣው። ያስገደደው የጭስ ሕግ ነበር። ከካርቡራተር የሚለየው ዋናው ነገር ግፊት የምትለካዋ ሴንሰር ናት፤ ከሞተሩ አየር መሳቢያ ያለውን ግፊት አንብባ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች፣ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ከፍቶ ይዘጋል። አየሩ ሲሳሳ የመክፈቻው ጊዜ ያጥራል። ከ1893 ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረው ይህ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ግጥጥሞሽ ላንሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ቮልስ የማያውቅ የለም። በዚያው መጸው ለአሜሪካ ገበያ የቀረበችው የ1975 ሞዴል ቮልስ ካርቡራተሯን ጥላ በኢንጀክሽን ወጣች። በእኛ ጎዳና የቀሩት ግን እስከ ዛሬ በካርቡራተር ናቸው።

በ1976 ቮልቮ የጭስ ውስጥ ኦክሲጅንን የምትለካ ሴንሰር ገጠመ፤ ኮምፒውተሩ የሰጠው ምጥን ልክ መሆን አለመሆኑን ከጭሱ ያነባል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ግን ይህችን ሴንሰር ይገድላታል። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳሱን የተሰናበተው በ2006 መግቢያ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ ይህን የሞከረ ሰው ገንዘቡን ያጣ ነበር።

የፋብሪካ ኮምፒውተር ግን ቁልፉ ከፋብሪካው ጋር ነው። ባለመኪናው ራሱ የሚሞላው ኮምፒውተር ከ1980ዎቹ ወዲህ ለውድድር መኪና ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። በሩን የከፈቱት ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ ናቸው። በ2001 ሜጋስኩዊርት የተባለውን ኮምፒውተር ባለቤቱ ራሱ በይዶ እንዲሠራው በቁርጥራጭ አቀረቡ። በውስጡ ሰንጠረዥ አለ፦ በአንድ ጎን የሞተር ፍጥነት፣ በሌላው የአየር ግፊት፣ በየሳጥኑ አንድ ቁጥር። ላፕቶፕ ሰክተህ ቁጥሩን ትቀይራለህ።

ታዲያ ቮልስ ላይ ይገጠማል ወይ? ይገጠማል፣ ግን ኢንጀክተር ገዝቶ መግጠም ብቻ አይደለም። ካርቡራተር ከሩብ ባር ያነሰ የቤንዚን ግፊት ይበቃዋል፤ ኢንጀክተር ሦስት ባር ገደማ ይፈልጋል። የድሮውን የጎማ ቱቦ እንዳለ የተወ ሰው እሳት ገዝቷል፤ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነውና ሾፌሩ ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ስድስት ቮልት የሆነችው አሮጌዋ ቮልስ ደግሞ በዚያ ኤሌክትሪክ ፖምፓውንም ኮምፒውተሩንም አትችልም፤ ወደ 12 ቮልት መዞር አለባት። ውሃ ስለሌላት የሙቀት ሴንሰሯ ራዲያተር ሳይሆን የሲሊንደር ራስ ላይ ትታሰራለች። የሞተሩን ፍጥነት ለማንበብ አንድ ጥርሱ የጎደለ ባለ ጥርስ ቀለበት ከፑሌው ጋር ይገጠማል። ኢንጀክተሩና ፖምፓው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ ቶዮታ ይገኛል። ትዕግሥቱ ግን ከሶማሌ ተራ አይገዛም።

ጉልበትም አትጠብቁ። ኢንጀክሽን አየር አይፈጥርም፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ሳነቴ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ በላይ ያጣል፣ በካርቡራተርም በኢንጀክሽንም። የሚተርፈው የሚባክነው ቤንዚን፣ የጠዋት አስነሺነትና የካንዴላው ዕድሜ ነው። መኪናህ ከሮቤ ጎባ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ካርቡራተሩን በደንብ አጽድተህ ለዚያው ከፍታ አስተካክለህ ብትተው ይሻልሃል። ቅየራው ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ነው። አሁን ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ያሉት አሮጌዎች ከእኛ ጋር ይቆያሉ።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ሜጋስኩዊርት እንደ ነባሩ አሠራር የውጭውን ግፊት የሚያነበው ቁልፉ ሲከፈት አንዴ ብቻ ነው። ምጥኑን ከአየር መሳቢያው ግፊት የሚያሰላ ሞተር በዚህ ብዙም አይጎዳም። በነዳጅ መስጫው መከፈት ብቻ የሚያሰላ ከሆነ ግን ደሎ መና ተነስቶ ሳይጠፋ ሳነቴ የወጣ መኪና አምባው ላይም የቆላውን አየር እንደሚስብ ያምናል፤ ቤንዚኑም እንደ ካርቡራተሩ፣ እንዲያውም ብሶ ይበዛል። መፍትሔው የውጭውን ግፊት ሳያቋርጥ የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰር ነው። ሰንጠረዡንም መጀመሪያ ደሎ መና ሞልቶ፣ ጎባ ላይ ፈትሾ፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለባቸውን ሳጥኖች አምባው ላይ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሰንጠረዡን ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ በልኩ ሊሞላ የሚችል የለም።