ግድግዳ መምረግን ከጎተራ መጀመር
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን በጭቃ ምርጊት ላይ ነው። ምርጊትን ከኅብረት ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሚያገናኘው ጎተራው ነው። አርሶ አደሩ እህሉን በአጨዳ ማግስት፣ ገበያው ሞልቶ ዋጋው በወረደበት ጊዜ የሚሸጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እስከ ክረምት ድረስ የሚያምነው ማስቀመጫ ማጣቱ ነው። የተሰነጠቀ ጎተራ ያለው ሰው ዋጋ እስኪሻሻል ሊጠብቅ አይችልም።

ጉዳዩን በአንዲት እማወራ አባል ተሞክሮ ማየት ይጠቅማል። እኚህ እማወራ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የእርሻውንም የቤቱንም ሥራ የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። ጎተራውን በየዓመቱ ይመርጉ የነበሩት ግን ባለቤታቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ለመራጊ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ሥራውን ራሳቸው ጀመሩት። አፈሩን ከደጃፋቸው ቆፈሩ፤ መረሬ ነበር። ጭዱን ለበሬዎቹ በማሰብ ቆጠቡ። ጠዋት ያቦኩትን ጭቃ በቀትር ፀሐይ በወፍራሙ ለጠፉት፤ በዚያው ዕለትም ጨረሱ። ሲያዩት ያምር ነበር። በሳምንቱ ግን ጎተራው ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተሞላ። ስንጥቁን በእበት ቢደፍኑትም ደርቆ ረገፈ። በመጋቢት አይጥ ገባበት፤ ስንዴው ውስጥም ነቀዝ ታየ። የቀረውን ለማዳን ሲሉ ገበያው በሰጣቸው ዋጋ ሸጡ። ለዘር ያሰቡት አብሮ ስለሄደ በሰኔ ዘር የገዙት ተበድረው ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ ገና በጥቅምት፣ አንድ አዛውንት ጎረቤታቸውን አማከሩ። አዛውንቱ ጎተራውን ዞረው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ የቸኮልሽው ጭቃው ላይ ነው» አሏቸው።

«ምን ላድርግ አባባ፣ የሚያግዘኝ ሰው የለኝም።»

«ለዚህ ሥራ ከሰው ይልቅ ቀን ነው የሚያስፈልግሽ። ከአሁኑ ብትጀምሪ ለጥር ትደርሻለሽ።»

እማወራዋ ከዚያ በኋላ የተማሩት ሥራ ለማንኛውም ጀማሪ የሚሆን በመሆኑ በቅደም ተከተል ይቀርባል።

አንደኛው አፈር መምረጥ ነው። መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የመጀመሪያው ዓመት ስንጥቅ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ቀይ አፈር በአብዛኛው ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ሳይፈተኑ መጠቀም አይገባም። ፈተናው ቀላል ነው። ከጠርሙስ ሲሶ ያህሉን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞልቶ፣ ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሮ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይረጋል፤ ደለሉ ቀጥሎ ይረጋል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ ይቆያል። የሸክላው ድርብ ወፍራም ከሆነ አፈሩ አሸዋ ይፈልጋል። ምን ያህል እንደሚፈልግ ለማወቅ ደግሞ ናሙና መለጠፍ ያስፈልጋል። እማወራዋ ከኩሽናቸው ጀርባ ስንዝር በስንዝር የሆኑ አራት ናሙናዎች ለጠፉ። አንዱ አፈር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ለአራት፣ ለሦስትና ለሁለት ጣሳ አፈር አንድ አንድ ጣሳ አሸዋ የገባባቸው ነበሩ። ሲደርቁ አፈር ብቻ የሆነው ተሰነጠቀ፤ አሸዋ የበዛበት በእጅ ሲታሽ ረገፈ። ለሦስት አንድ የሆነው ሳይሰነጠቅም ሳይረግፍም ቆየ። ይህ መጠን ለእሳቸው አፈር የሠራ ስለሆነ ሌላው አባል የራሱን አፈር መፈተን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጭድና ማቡካት ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ጭቃውን እንደ ክር አስሮ ይይዛል። ጭድ የከብት መኖ መሆኑ አይካድም። ስለሆነም ለምርጊት የሚሆነውን በአውድማ ላይ እያሉ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ አለበለዚያ በየካቲት በሬው ያሸንፋል። የተቦካው ጭቃ በዚያው ዕለት አይለጠፍም። ውሃ እየተጨመረለትና እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቢቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ጭቃውም ይጣበቃል። ሽታው ሲለወጥና ጭቃው በእጅ ሲሳብ ሳይበጠስ መለጠጥ ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይላል። ጭቃ የሚረገጠው በባዶ እግር ነው። በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሥራት አንዱን ዓይነት የእግር ዝሆኔ እንደሚያመጣ ይታወቃል። ይህ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማና ንጽሕና ነው። በመሆኑም ጭቃ የሚረግጥ ሰው ቦቲ ጫማ ቢያደርግ፣ ከሌለውም ሥራው እንዳበቃ እግሩን በሳሙና ታጥቦ ቢያደርቅ ራሱን ይጠብቃል። እጁ ወይም እግሩ የቆሰለ ሰው ደግሞ አፈርና እበት ባይነካ ይመረጣል፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በቁስል በኩል ነው።

ሦስተኛው አለጣጠፉ ነው። ደረቅ ግድግዳ የጭቃውን ውሃ ስለሚመጥ አስቀድሞ ውሃ ይረጫል። የመጀመሪያው ምርጊት በኃይል ተጭኖ የልምጩን ክፍተት ይሞላል። ሳይደርቅም በእንጨት ጫፍ ይጫጫራል፤ ቀጣዩ የሚጨብጠው ነገር ያገኛል። የሁለተኛው ምርጊት ውፍረት ከጣት ውፍረት ባይበልጥ ይሻላል። ሁለተኛው የሚለጠፈው የመጀመሪያው ፈጽሞ ደርቆ፣ ሊሰነጠቅ ያለው ተሰንጥቆ ካበቃ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ስንጥቅ ጀማሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። በመጨረሻ በደቃቅ አፈርና በእበት ይለቀለቃል።

አራተኛው ማድረቅ ነው። ቀትር ፀሐይ ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። እማወራዋ ፀሐይ በሚመታው ጎን አሮጌ ሰሌን ሰቀሉ። ከሁሉም በላይ ግን ውስጡ ሳይደርቅ እህል እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። እህሉም ቢሆን በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር መድረቅ አለበት።

አምስተኛው ከውሃ መጠበቅ ነው። ምንም ያህል ቢያምር ውሃ የሚያገኘው ጭቃ አይቆይም። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ መቀመጥ፣ ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ማለት፣ ዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ማግኘት ይኖርበታል። እማወራዋ ይህን በከፊል ዘነጉ። ነፋስ ዝናቡን በሚያመጣበት በኩል ክዳኑ አጭር ስለነበር በሐምሌ የታችኛው ምርጊት ረገፈ። ቦታውን ለይተው፣ ክዳኑን አስረዝመው እንደገና መረጉት። የተቀረው ግን ጸና። የዘር ስንዴያቸውን ከጎተራቸው አውጥተው ዘሩ፤ የሚሸጡትንም በገና ሳይሆን በሰኔ ለማኅበራቸው አስረከቡ።

በጎተራ የተማረ እጅ ወደ ኩሽና፣ ከዚያም ወደ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ማለፍ ይችላል። የቤቱ ምርጊት ሥራው ያው ነው፤ ስፋቱ ብቻ ይጨምራል። ስንጥቅ ሲጠፋ የትኋንና የአይጥ መደበቂያም ይጠፋል። በዚህ አጋጣሚ፣ የትርፍ ክፍፍል እጅ በገባ ጊዜ በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ የሚያስለስኑ አባላት ቢያስቡበት መልካም ነው። ሲሚንቶና ጭቃ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ከኋላው እርጥበት ከታፈነበት ልስኑ በሰፊው ተላቆ ይወድቃል። ያ ገንዘብ ለድንጋይ መሠረትና ለክዳን ቢውል ግድግዳውን በይበልጥ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ ሁለት ሐሳቦች ለአመራር አካላት ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ግድግዳ ላይ የየቀበሌው አፈር ናሙና ቢለጠፍና አባላት እየዳሰሱ ቢያወዳድሩ ወጪው ከጥቂት ባልዲ አፈር አይበልጥም። ሁለተኛው፣ ብቻቸውን ቤት የሚመሩ እማወራዎችና አቅመ ደካሞች ጎተራ በታኅሣሥና በጥር በደቦ ቢመረግ ነው። ደቦው ሲጠራ ግን ሥራውን የሚያውቁ አዛውንቶች ከፊት ቢቀመጡ፣ ወጣቶቹም ጭቃውን ከማቀበል አልፈው መለጠፉን ቢለማመዱ፣ በዓመቱ መራጊ የሚፈልግ ቤት ይቀንሳል።

ያለፈው ዓመት ስንጥቅ ዛሬም በየጎተራው ላይ ይታያል። እህሉ ከመግባቱ በፊት ዞሮ ማየት፣ አፈሩንም ከአሁኑ መፈተን ከእያንዳንዱ አባል ይጠበቃል።

መልካም በዓል።