ያልተሮጠው ሩጫ

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ስብሰባ የተሰጠን ርእስ «በልዩ ልዩ ዘመን የነበሩ ታላላቅ ስፖርተኞች ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር?» የሚል ነው። ርእሱ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከሣሪስ እስከ ጀሞ፣ ሁለት ተማሪዎች ለቡና በተቀመጡበት ሁሉ ይነሣል። «ኃይሌና ቀነኒሳ በአንድ ዕድሜ ላይ ቢገናኙስ? አበበ ቢቂላ የዛሬውን ጫማ ቢያደርግስ?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ተከራካሪው ግን ይግላል፤ አንዳንዴም ጓደኛሞች ሳይሰነባበቱ ይለያያሉ። እኛ ጨዋታውን ልንከለክል አልቆምንም። ነገር ግን ክርክር ዳኛና ደንብ ከሌለው ጩኸት ስለሚሆን፣ ስለ ዳኛው ጥቂት ልንናገር እንወዳለን። ዘመኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

በዚህ ጉዳይ የቦክስ ወዳጆች ቀድመውናል። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ፣ በ1956 ከቦክስ የወጣ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። መሐመድ ዓሊ የተነሣው ከእርሱ በኋላ ነው። በ1969 አንድ አዘጋጅ ሁለቱን ካሜራ ፊት አቅርቦ ለማስመሰል ያህል አቧቀሳቸውና ፍርዱን ለኮምፒዩተር ሰጠ። ፊልሙ በ1970 መጀመሪያ ሲታይ ማርሲያኖ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ስለ ነበር ውጤቱን አላየም። በአሜሪካ በታየው ፊልም ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዓሊን ዘረረ፤ በአውሮፓ በታየው ግን ያሸነፈው ዓሊ ነው። እንግዲህ ዳኛው ለየአገሩ ተመልካች የየአገሩን ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። እኛም በቡና ጠረጴዛ ላይ የምናደርገው ከዚህ አይለይም፤ የምንወደውን ሰው አስቀድመን አሸናፊ አድርገን፣ ምክንያቱን ከኋላ እንፈልግለታለን።

«እንግዲያውስ ሰዓት ይፍረድ» የሚል ይኖራል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ የሮጠችው በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው። በሰዓት ብቻ ከተፈረደ ትዕግሥት አበበን በ18 ሰከንድ ቀድማዋለች። ስለ ትዕግሥት እጅግ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ አበበን የሚያሳንስ አእምሮ ያለው ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ጫማው፣ መንገዱ፣ ሥልጠናው፣ ምግቡ፣ ከፊት ሆኖ ፍጥነት የሚጠብቀው ሯጭ ሁሉ ተለውጧልና። ይልቅስ አበበ በቶኪዮ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ፣ ትዕግሥትም በበርሊን ሁለተኛዋን ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጥለው መግባታቸውን እንመልከት። ሰውን ከዘመኑ ሰዎች ጋር ማስተያየት ከሁሉ የተሻለ ሚዛን ነው እንላለን።

«ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ይለይ ነበር» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ኃይሌና ቀነኒሳ ተገናኝተዋል። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ቀነኒሳ አንደኛ ሲወጣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ነገር ግን አንዱ የ22፣ ሌላው የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ ኃይሌም ተረከዙን ታሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ባሰበት እንጂ አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ይህ «ከሁሉ የሚበልጠው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛውን ለሁለት ሰው ብቻ ያደርገዋል። በ1968 አበበ ሜክሲኮ ላይ በሕመም ሲያቋርጥ ድሉን ከአገራችን እጅ ያላስወጣው ሻምበል ማሞ ወልዴ በክርክራችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተጠርቷል? ደራርቱስ? ምሩጽስ?

ስለ ምሩጽ ይፍጠር ትንሽ እንቆይ። ዓሊና ፍሬዘር ሦስት ጊዜ ተጋጥመዋል፤ በ1971 ፍሬዘር፣ በ1974 ዓሊ አሸነፉ፤ በ1975 ማኒላ ላይ ነገሩ ለዓሊ ተፈረደ። የእኛ ማርሽ ቀያሪም እንዲህ ያለ ባለጋራ ነበረው፤ እርሱም የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ቪረን ወድቆ ተነሥቶ አንደኛ ሲሆን ምሩጽ ሦስተኛ ወጣ። በ1980 ሞስኮ ላይ በዚያው ርቀት ምሩጽ አንደኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። አንድ ለአንድ ማለት ነው። የሚለየው የ1976ቱ የሞንትሪያል ሩጫ ነበር። ነገር ግን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ከዘረኛው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጋር ስፖርት በመነካካቱ፣ አገራችን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ቀረች፤ ቪረንም 5,000ውንና 10,000ውን ወሰደ። በ1979 የዓለም ዋንጫ በዚያው በሞንትሪያል ስታዲየም ሲደረግ፣ ምሩጽ ለአፍሪካ ቡድን ሮጦ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

በላይነህ ዲንሳሞም እንደዚሁ ነው። በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ አሥር ዓመትም የደፈረው አልነበረም። በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሊምፒክ ሲደረግ ግን ኢትዮጵያ አልሄደችም። ሰዓት ብቻውን አይፈርድም ብለናልና በላይነህ ያሸንፍ ነበር አንልም። መሮጥ ግን ይገባው ነበር።

ፍርዳችን ለወገን ብቻ እንዳይሆንም አንድ የጎረቤት ስም እንጨምር። በ1978 ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አገሩ ሞንትሪያልም ሞስኮም ስላልሄደች ኦሊምፒክን ሳይሮጥ ቀረ። ስለዚህ ኬንያዊ ተማሪ ቢመጣና «ምሩጽ በሞስኮ ያሸነፈው ሮኖ ስላልነበረ ነው» ቢለን፣ ልንቆጣው አይገባም። እኛ ስለ ሞንትሪያል የምንለውን እርሱ ስለ ሞስኮ ማለቱ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አበበና ኃይሌ እንዳይገናኙ ያደረገው የልደት ዘመን ነው፤ በዚህ የሚወቀስ የለም። ምሩጽን፣ በላይነህንና ሮኖን ያስቀረው ግን የሰው ውሳኔ ነው። የዘር መድልዎን መቃወም ትክክል ነበር፤ ይህን አንክድም። የ1984ቱና የ1988ቱ መቅረት ግን ከወዳጅ መንግሥታት ጎን ለመሰለፍ የተደረገ ነበርና ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይገባም። ውሳኔው ትክክል በሆነበት ጊዜም እንኳ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ማወቅና ስሙን መጥራት የተማረ ሰው ግዴታ ይመስለናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ስብሰባ «ማን ያሸንፍ ነበር?» በማለት ፈንታ «ተዘጋጅተው ሳይሮጡ የቀሩት እነማን ናቸው?» የሚለው ርእስ ይሁን። ከዚያ ዘመን ሯጮችና አሠልጣኞች በሕይወት ያሉት ይጠሩልን፤ ተቀምጠን እንጠይቃቸው፤ የሚሉትም ተጽፎ በዚህ መጽሔት ይውጣ። ሰዓታቸው በመዝገብ ስላለ አይጠፋም። ሻንጣቸውን ከፈቱ በኋላ ምን እንደተሰማቸው ግን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።