ለጆሮ የተጻፈ ፍርሃት

የእንግሊዝ የመናፍስት ታሪኮች ሲነበቡ ከሚያስፈሩት ይልቅ ሲሰሙ ለምን ይብሳሉ? ብዙዎቹ ለጆሮ የተጻፉ ስለሆኑ ነው። የካምብሪጁ ምሁር ኤም. አር. ጄምስ በገና ሰሞን ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ታሪኮቻቸውን በሻማ ብርሃን ያነቡላቸው ነበር። የመጀመሪያው መድበላቸው በ1904 እ.ኤ.አ. ታተመ። ግዕዝም ተምረዋል፤ ይህን ሳውቅ ይበልጥ ወደድኳቸው።

በአንደኛው ታሪክ አንድ ፕሮፌሰር ከባሕር ዳር ፍርስራሽ ያገኘውን ፊሽካ ይነፋል። በኋላ፣ ክፍሉ ውስጥ ካለው ባዶ አልጋ አንሶላው ሰው መስሎ ይነሳል። ጄምስ ብዙ አይገልጹም፤ ጥቂት አሳይተው ያልፋሉ። አንባቢ ቢፈራ ገጹን ይዘልላል፤ አድማጭ ግን ተራኪው ትንፋሹን እስኪስብ ይጠብቃል። በአንድ ምሽት ከአንድ ታሪክ በላይ አትስሙ፤ ሲደራረቡ ፍርሃቱ ይደበዝዛል።