የአባታችን ቁልፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ እኅትና ወንድም ሁነን ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው፥ በቤታችን ስለ ደረሰው ነገር ጥቂት ለመናገር ነው።

አባታችን ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ ጠርበው፥ ኖራ አቡክተው አሳደጉን። ዛሬ ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ባለፈው ክረምት ወደ ቀሐ በሚወስደው ቁልቁለት አዳልጧቸው ወደቁ። ከዚያ በኋላ እኛ ለእሳቸው ያሰብን መስሎን የሳጥናቸውን ቁልፍ ወሰድን፤ ገበያ እንዳይወጡም ከለከልን። አባታችን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ብቻ እኅል መብላት ቀነሱ። እናታችን፥ «እግራቸው ደከመ እንጂ አሳባቸው መች ደከመ!» ብላ ገሠጸችን።

ያን ጊዜ በታሪክ ትምህርት የተማርነው ትዝ አለን። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉ ወዲህ አገሩ በጦርነት ታውኮ ነበር። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ በሕመምና በኀዘን የደከሙት ንጉሥ በሰኔ ወር የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል አስረከቡ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መቃብራቸውም አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። ስለ እኒህ ንጉሥ ብዙ ክርክር አለ፤ እሱ የዛሬ ነገራችን አይደለም። እኛን የነካን መንግሥቱን ያስረከቡት ራሳቸው መሆናቸው ነው። እኛ ግን አባታችን የሳጥን ቁልፍ እንኳ እስኪሰጡን አልጠበቅንም።

በማግሥቱ ቁልፉን መልሰን ይቅርታ ጠየቅን። አባታችን ጥቂት ዝም አሉና፥ «ዓይኔ ብሩን ከብር አይለይም፤ ቈጠራውን እናንተ ያዙ። ቁልፉ ግን ከኔ ዘንድ ይደር» አሉ። ስለ ገበያው ብዙ ተከራክረን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን አብረናቸው እንድንሄድ፥ ካልጠየቁን ግን ክንዳቸውን እንዳንይዝ ተስማማን። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሲንገዳገዱ እያየን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን የቆምንበት ቀን አለ።

ባለፈው ጥምቀት የቀሐ ውሃ ወደ ሞላው ወደ ፋሲል መዋኛ አብረን ወረድን። አባታችን የግንቡን ድንጋይ በእጃቸው እየዳሰሱ የኖራውን አሠራር አስረዱን። ስንመለስ ዳገቱ ሥር ቆም አሉና፥ ክንዳቸውን ራሳቸው ዘረጉልን።