ያረጀ የእጅ ስልክ ዕድሜው በማን እጅ ነው?



«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ምሳሌ የዕቃ ዕድሜ በባለቤቱ አያያዝ እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ያስተምራል። በዚህ ዘመን በየሰው ኪስ የሚገኘው የእጅ ስልክ ግን ከዚህ ሕግ የወጣ ይመስላል። ባለቤቱ ተጠንቅቆ ቢይዘው፣ መስተዋቱም ሳይሰነጠቅ ቢቆይ እንኳ፣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ «አርጅቷል» ተብሎ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው፣ ያረጀው ምኑ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

የእጅ ስልክ እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር አካልና ሶፍትዌር አለው። ከሶፍትዌሩ ዋናው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ሲሆን፣ ሥራው የመሣሪያውን ክፍሎች ማዘዝና ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ሥራን ማከፋፈል ነው። ብዙውን ጊዜ የስልኩ አካል ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪው ኩባንያ የሶፍትዌሩን ማሻሻያ መላክ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም፤ አዳዲስ ፕሮግራሞችም አንቀበልም ይላሉ። ይህም በሽተኛው ሳይሞት ሐኪሙ ሥራውን እንደ መተው ያለ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚሆኑት አንዱ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከ1992 ጀምሮ በሚሠራበት ፈቃድ መሠረት ማንኛውም ሰው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለማንበብ፣ ለማረምና ያረመውንም ለሌላው ለማካፈል ይችላል። በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረቡት የአንድሮይድ ስልኮችም እምብርታቸው ይኸው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠራበትን ሊኑክስ ወደ ስልክ ማምጣት፣ ዘመድን ከዘመዱ ማገናኘት እንጂ እንግዳ ማስገባት አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በ2009 መጨረሻ የወጣውን ኖኪያ ኤን900 መመልከት ይበቃል። ፕሮሰሰሩ 600 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪው 256 ሜጋባይት፣ የመስተዋቱ ስፋት 3.5 ኢንች ሲሆን፣ ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ የፊደል ገበታ ነበረው። ማኤሞ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በ1993 በተጀመረው ዴቢያን ላይ የተመሠረተ ነበር። በጎ ፈቃደኞችም ኢዚ ዴቢያን የሚባል ፕሮግራም አዘጋጅተው፣ ጽሑፍ የሚዘጋጅበትን ኦፕንኦፊስንና ሥዕል የሚስተካከልበትን ጊምፕን ከመዳፍ በማይበልጥ መሣሪያ ላይ ከፈቱ።

ዘዴው ይህ ነው። ዴቢያን በሙሉ ከነፋይሎቹ በአንድ ስፍራ ይቀመጥና፣ ለፕሮግራሞቹ የሁሉ ነገር ሥር ያ ስፍራ እንደ ሆነ ይነገራቸዋል። ማኤሞና ዴቢያንም በአንድ ርእሰ መምህር ሥር እንደሚተዳደሩ ሁለት ክፍሎች አንዱን እምብርት ይጋራሉ። ይህ ዘዴ ለአንድሮይድ ስልኮችም ያገለግላል። እርግጥ ነው፣ ሥራው ዝግ ያለ ነበር፤ 256 ሜጋባይት ስለማይበቃ፣ ከማከማቻው 768 ሜጋባይት ለሜሞሪ ረዳት ይሆን ነበር። ለማውስ የተሠሩትን ጥቃቅን ምልክቶችም በጣት መንካት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በ2011 ኖኪያ ፊቱን ወደ ዊንዶውስ ስልክ አዞረ። ኤን900 ግን ባለቤት አላጣም። በጎ ፈቃደኞች ማኤሞ ሌስቴን አዘጋጁለት፤ በ2017 የተጀመረውና ስልክን ዐሥር ዓመት የማኖር ዓላማ ያለው ፖስትማርኬትኦኤስም ተቀበለው። ከእርሱ በኋላ የተሠሩ፣ በጉልበትም እጅግ የሚበልጡት ብዙ ስልኮች ግን ይህን ዕድል አላገኙም። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው መቆለፊያው ነው። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው ቡትሎደር የተባለው ፕሮግራም፣ የሠሪው ፊርማ የሌለበትን ሶፍትዌር እንዳይቀበል ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ መክፈቻውን የሚሰጥ ኩባንያ አለ፣ የሚከለክልም አለ። ሁለተኛው፣ ካሜራውንና የስልክ ጥሪውን የመሳሰሉትን ክፍሎች የሚያዝዙት ድራይቨሮች ምስጢር መሆናቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ስልክ ጽሑፍ እያሳየና ከዋይፋይ እየተገናኘ፣ መደወል ግን ሊሳነው ይችላል። ሦስተኛው ባትሪው ነው። የኤን900 ባትሪ በጣት ይወጣል፤ በብዙ አዳዲስ ስልኮች ግን በሙጫ ተጣብቆ ይቀራል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ መበሳትም ሆነ ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ ያረጀ ስልክ የትምህርት ቤትን የኮምፒዩተር ክፍል ይተካል ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሥራ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ተስማሚ ፎንትና የፊደል ገበታ ከተገኘ አማርኛ እንደ ትልቁ ኮምፒዩተር ይጻፍበታል። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ ሊጫንበትና የክፍል ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ዕጩው መምህር ይበላሻል ብሎ በማይፈራው መሣሪያ ላይ ትእዛዝ ሲጽፍ፣ ሲሳሳትና ምክንያቱን ሲፈልግ፣ የኮምፒዩተርን ጠባይ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጁ ይማራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን የባለቤቱ ሰነዶች ሊገለበጡና ከስልኩ ሊጠፉ፣ የስልኩም ዓይነት በትክክል ሊታወቅ ይገባል፤ ለሌላ ዓይነት የተዘጋጀ ሶፍትዌር ስልኩን ጨርሶ ሊያበላሸው ይችላልና።

ነገሩ የጥቂት ስልኮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ በመዝገብ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት መሣሪያ ሲገዙም ሆነ በስጦታ ሲቀበሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ መቆለፊያው ይከፈታልን? ባትሪው ይለወጣልን? ማሻሻያው ስንት ዓመት ይላካል? ኤን900ን ከመሳቢያ ያዳነው የአካሉ ብርታት ሳይሆን፣ የሶፍትዌሩ ብዙ ክፍል ለሚያነበው ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው። ዕውቀቱ የተቆለፈበት ዕቃ ገንዘቡን የከፈለው ሰው በእጁ ቢይዘውም፣ ዕድሜው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የማንበብን ጥቅም ለልጆች የሚያስተምር መምህርም ይህን ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል።